የአንድ ቀን ዳቦ በጎንደር

ከአዳማ የመጣ ሰው የጎንደርን ሌሊት ይንቃል። እኔም ንቄ ሹራብ ሳልይዝ ሄድሁ። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ባለታክሲው 800 ብር አስከፈለኝ፤ ስመለስ ያው መንገድ 500 ሆነ። እስካሁን ያበሳጨኛል። ያደርሁበት ቤት ብርድ ልብስ ስስ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ ፍለጋ ወደ ግቢ ብወጣ፣ ጥበቃው አዛውንት ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው "እንካ ልጄ፣ እኔ እሳት አለኝ" አሉኝ።

የሄድሁት በጓደኛዬ ክፍል ታሪክ ላስተምር ነው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሜዲትራኒያን ባሕር ያለችው፣ ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው የማልታ ደሴት ሰላማዊ ሰዎች እንዴት እንደኖሩ። ጠዋት ፒያሳ ዳቦ ገዛሁ፤ 300 ግራም ያህል መዝኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። "በ1934 ዓ.ም. የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ይህን ያህል ነበር" ስላቸው አንዱ ልጅ "ይህማ ቁርስ ነው" አለ።

ጣሊያን ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሰኔ 4 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኖቿ ደሴቲቱን ደበደቡ፤ ጀርመኖችም ተከተሉ። ሕዝቡ አለት እየፈለፈለ ከምድር በታች አደረ። ላምባ በራሽን ሆነ፤ ብዙዎችም ምግባቸውን ከጋራ ወጥ ቤት በሰሃን ይቀበሉ ነበር። በነሐሴ 1934 ስንቅ እንዲያደርሱ ከተላኩት 14 የጭነት መርከቦች የደረሱት አምስት ናቸው። የመጨረሻዋ፣ ነዳጅ የጫነችው ኦሃዮ፣ ልትሰምጥ ስትል በሌሎች መርከቦች ተደግፋ ወደቡ የገባችው በእነርሱ አቆጣጠር በፍልሰታ በዓል ዕለት ነበር። ፍልሰታን የሚጾሙት ልጆች እዚህ ላይ ጸጥ አሉ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ጎንደርንስ የደበደበው ማን ነው?"

እንግሊዝ፣ አልኋት። እዚህ የመሸገው የጣሊያን ጦር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን አልሰጠም፤ እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር ሆነው ሲያስለቅቁት የኢያሱ ግንብ ሳይቀር በቦምባቸው ተጎድቷል። ማልታን ሲጠብቅ የነበረው መንግሥት ነው እዚህ ቦምብ የጣለው።

"ታዲያ ሰዉ የት ገባ?"

ይህንኑ ጥያቄ ማታ ጋቢውን ስመልስ ለጥበቃው አዛውንት አቀረብሁላቸው። "እናቴ እንጀራውን ምጣድ ላይ ትታ፣ ታላላቆቼን ይዛ ወደ ቃሃ ወንዝ ትሮጥ ነበር" አሉኝ። "ስትመለስ ያረረውን ፍቃ ታበላቸዋለች።"

ነገ ለልጆቹ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ከጥበቃ የሚወጡት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ስደርስ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ከበዋቸው ነበር።