መጽሐፉ 191 ይላል

አዲስ አበባ፣ ከቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ እሠራ በነበረበት ጊዜ የገጠመኝ ነው፤ ስለ ሞተር ጉልበት በተወራ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። አንድ ደንበኛ ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ኮሮላውን አምጥቶ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስለት፣ በዚያውም ጉልበት እንዲጨመርለት ጠየቀ። ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) እና ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ቫልቮቹ ተስተካከሉ፣ ሞተሩ ተገጥሞ ሲያበቃ ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት የሚለካው የኮምፕሬሽን ጌጅ በአራቱም ሲሊንደሮች 147 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ አነበበ። አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የጥገና መጽሐፉን ገልጠው አዲስ ሞተር 191 ማንበብ እንዳለበት አሳዩንና ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ተፈትቶ እንዲላጥ አዘዙ፤ ሲላጥ ከፒስቶኑ በላይ ያለው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል።

ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ሲመለስ መልሼ ከመግጠሜ በፊት መለካት ፈለግሁ። በቃጠሎ ክፍሉ ላይ መስታወት አድርጌ በሲሪንጅ ዘይት ሞላሁት፤ በቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን የጓርኒሲዮን ውፍረትና የፒስቶኑን አናት ጎድጓዳም አስልቼ ደመርሁ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 77 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ሲሊንደር 396.8 ሲሲ ይይዛል። ፋብሪካው ባስቀመጠው 9.5 ለ1 የኮምፕሬሽን ምጣኔ (ሲሊንደሩ የሳበው ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚያሳይ ቁጥር) መሠረት ከፒስቶኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 46.7 ሲሲ መሆን ነበረበት፤ እኔ ያገኘሁት ግን 40.7 ነው። ይህም ምጣኔውን ወደ 10.7 ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ግጠመው አሉኝ። ሞተሩ ተገጥሞ ጌጁ 175 ሲያነብ ወደ እኔ ዞረው፣

«አየህ፤ መጽሐፉ 191 ይላል፣ የእኛ 175 ነው። ገና ያንሳል እንጂ መቼ በዛ?» አሉ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል አየር ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከዚያ ሦስት አራተኛውን ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም እኛ ዘንድ ከ147 ብዙ አይበልጥም። መጀመሪያውኑ ምንም አልጎደለውም ነበር» አልኋቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ጥቂት አሰቡና፣ «መኪናው የሚነዳው እዚህ ነው። ባሕሩን ምን አመጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። ጌጁ የሚያነብበው ግፊትን እንጂ ምጣኔን አይደለም፤ ሞተሩንም የሚያንኳኳው፣ ማለትም የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ በራሱ እንዲፈነዳ የሚያደርገው፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትና ሙቀት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ሲሊንደሩ በአንድ ምልልስ የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ፣ በቆላ ሊያንኳኳ የሚችል ምጣኔ እዚህ በተለመደው ቤንዚን በሰላም ይሠራል። እሳቸውም በልምድ ያወቁት ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ የፋብሪካውን 10 ዲግሪ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ወደ 16 አስቀደሙት፤ በስስ አየር እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ይህም በከተማችን ያስኬዳል። እኔ መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። መልሱ የመጣልኝ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በታክሲ ውስጥ ነው፤ ደንበኛው መኪናውን ይዞ የት እንደሚሄድ ከመካከላችን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በማግሥቱም አልጠየቅሁትም። መኪናው ታጥቦ ተረከበ።

በሁለተኛው ሳምንት ደንበኛው ምስጋና ሊያቀርብ መጣ። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ እንደወጣ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት ከዚህ መኪና እንዳልጠበቀ ነገረን። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናው በጭነት መኪና ተጭኖ ተመለሰ። ደንበኛው እዚሁ አጠገባችን ነዳጅ ሞልቶ፣ አራት ሰው አሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ ወርዷል። አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲወርድ፣ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ባቄላ ያለ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ የላላ ብረት መስሎት መንዳቱን ቀጠለ። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከእኛው ይበልጥ ወፍራም፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ያ 175 ያነበበ ሲሊንደር እዚያ ቢለካ ወደ 200 በቀረበ፣ ጂቡቲ ወደብ ቢወርድ ደግሞ ከ220 ባለፈ ነበር። በዚህ ግፊት፣ ለዚያውም ቀድሞ በሚመጣ እሳት፣ ያልነደደው ድብልቅ የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል።

ቴስታታውን የፈታሁት እኔ ነኝ። የካንዴላዎቹ ነጭ ሸክላ በጥቃቅን የአልሙኒየም ነጠብጣብ ተረጭቶ ነበር፤ ይህ ከፒስቶኑ አናት ተቦጭቆ የወጣ ብረት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፒስቶን ላይ፣ በላይኛውና በሁለተኛው ፋሻ መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሯል። ደንበኛው አጠገባችን ቆሞ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ጋሼ ካንዴላውን አንሥተው አሳዩትና፣ «ቤንዚኑ ነው፤ የተበላሸ ቤንዚን ቀድተውልሃል» አሉት።

ያ ቤንዚን ለሁለት ሳምንት ሙሉ በከተማው ሲነዳ አንዲት ድምፅ ያላሰማ፣ ከዚያው ማደያ የተቀዳ ቤንዚን ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ የጻፍኋት ወረቀትም በጋሼ ኪስ ባትኖር በደብተሬ ነበረች። ነገር ግን በደንበኛ ፊት አለቃን ማሳጣት በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝም አልሁ፤ ደንበኛውም በሌላ ሰው ስሕተት ለሁለተኛ ጊዜ ከፈለ። ከተሰበረው ፒስቶን ይልቅ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

እድሳቱን ጋሼ ለእኔ ተዉልኝ። ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስታታ ገዝተን፣ ጠማማነቱ እስኪጠፋ ብቻ አስላጥሁት፤ ለካሁ፣ 45.1 ሲሲ ሆነ፤ ምጣኔው 9.8 ማለት ነው። ታይሚንጉንም ወደ 10 ዲግሪ መለስሁት። ደንበኛውን በስልክ ደውዬ በዓመት ስንት ጊዜ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ጠየቅሁት፤ በየወሩ እንደሚወርድ፣ ድሬዳዋ የሚሸጠው ዕቃ እንዳለው ነገረኝ። ይህን ለመጠየቅ የፈጀብኝ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ጌጁን ስይዝ ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። 153 አነበበ።

«ያንሳል» አሉ።

«ይነስ፣ ጋሼ» አልኋቸውና ካንዴላዎቹን መልሼ ማሰር ጀመርሁ።