ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?

ግንቦት ጎንደር ላይ የጀሪካን ወር ነው። ውሃ በፈረቃ ትመጣለች ይባላል። ፈረቃው ግን ቀን አያከብርም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያፏጭ የሰማ ይቀዳል። ያልሰማ ጠዋት ከባጃጅ ይገዛል። እኔ እንቅልፌ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከገዢዎቹ ወገን ነኝ።

ስለዚህ ቀበሌ «በውሃ አቅርቦትና በመልካም አስተዳደር ጉዳዮች ላይ የነዋሪዎች ውይይት» ሲጠራ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት የተባለው አራት ሰዓት ተጀመረ። መጀመሪያ የስም መመዝገቢያው ወረቀት ዞረ። ሰው ሁሉ በጥንቃቄ ፈረመ። ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈለግ፣ ወይ ሸማቾች ጋ ስኳር ሲመጣ፣ «ስብሰባ ላይ የት ነበርሽ?» መባል አለ። እንዲህ የሚል ደንብ ተጽፎ አላየሁም። ግን የማያውቀው የለም። ከዚያ የህሊና ጸሎት ተደረገ፣ ከዚያ ሰነድ ተነበበ። «የታዩ ክፍተቶች» ነበሩ፣ «የተቀመጡ አቅጣጫዎች» ነበሩ። መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። እኛ ጋ አልደረሰም።

ጥያቄና አስተያየት ተባለ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ሰነዱ ጥሩ መሆኑን፣ ወደ መሬት ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ጥሩ እንደሚሆን ተናገረ። ተጨበጨበ። አለቀ።

ዋናው ስብሰባ የተጀመረው በሩ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ የነበረው ሰው ሁሉ ደጅ ሲወጣ አፍ አወጣ። አንድ በግንባታ ሥራ ጡረታ የወጡ አባት ስለ አንገረብ ግድብ አስረዱን። ከላይ ያለው ተዳፋት ሲራቆት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እያጠበ ግድቡ ውስጥ ይከታል። ደለሉ በጨመረ ቁጥር የውሃው ቦታ ይጠባል። ከተማው ደግሞ በአዘዞም በማራኪም በኩል ይሰፋል። መገጭ ግድብ ይደርስልናል ሲባል ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። «ቧንቧ ቢቀየር፣ ሠራተኛ ቢጨመር፣ ምንጩ ካልጨመረ ፈረቃው ነው የሚረዝመው» አሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ከሰነዱ የበለጠ ገባኝ።

«አባባ፣ ይህን ውስጥ ለምን አልተናገሩትም?» አልኳቸው።

«ውስጥማ ስብሰባ ነው፣ ልጄ።»

ይህች መልስ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

የጎንደር ሰው ፈሪ ነው የሚል ካለ ከተማውን አያውቀውም። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ለተቃውሞ ሰልፍ ወጥቶ አደባባዩን የሞላው ይኸው ሕዝብ ነው። ትልቁ ነገር ሲመጣ እንወጣለን። ትንሿንም ነገር፣ ለቅሶውን፣ ሠርጉን፣ የታመመ ጎረቤትን፣ በእድር በማኅበሩ እንይዛታለን። መሀል ላይ ያለው ነው ባዶ የቀረው። ቧንቧው፣ መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ መብራቱ። እዚያ ላይ ስንደርስ ዝም እንላለን።

ለዝምታው ዕድሜ ቢፈለግለት ሩቅ ነው። ቀበሌ የመጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከአዋጅ ቁጥር 47 ጋር ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ነዋሪውንም በማኅበር አደራጀው። ሐሳቡ ሰፈሩ ራሱን እንዲያስተዳድር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣ፣ ቀበሌም ማሰሪያ ቤት ሆነ። ጎንደር ደግሞ የደርጉን ሹም የመላኩ ተፈራን ዘመን ያየች ከተማ ናት። የዚያን ጊዜ እናቶች ያወጡት ሙሾ ዛሬም ከአፍ አልጠፋም። እናቴ «ቀበሌ ይፈልግሻል» ስትባል፣ ለመታወቂያ እድሳት መሆኑን እያወቀች እንኳ፣ መጀመሪያ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ «ለምን?» ትላለች።

ዘመኑ ተለወጠ፣ ዝምታው ግን የሚለወጥበት ምክንያት አላገኘም። እንደኛ ባሉ ከተሞች የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። የ2010ሩ ተራዘመ፣ እንደተራዘመም ቀረ። በ2013 የመረጥነው ለክልልና ለፌዴራል ነው። በ2005 የተወለደ የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ጀሪካን ከእኔ በላይ ይሸከማል። (አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት ጎንደር ከንቲባ ነበራት። ማዕረጉን ለአገር አበድረን እኛ መራጭነቱን አጣን።) ሰው እጁን አውጥቶ ያልመረጠውን ሹም በምን አፉ ይጠይቀዋል? ሹሙስ ቢሆን ለማን መልስ ይሰጣል? ለላይኛው ነው የሚሰጠው። አልፈርድበትም፤ ያስቀመጠው እሱ ነው።

የሐምሌ 2015ቱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ከዚያ ወዲህ ያሳለፍነው ነገር ደግሞ ሰውን የበለጠ ወደ ቤቱ አስገብቶታል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ እንኳ ዱሮ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሳው። አሁን ሰማዩ ካልገለጠ ከግቢው አይወጣም።

እድሩ ግን አልቆመም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንሰበሰባለን። ሰፈራችን ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከእኛ ወረድ ብሎ አዲስ ዓለም አለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲኖር ሲወሰን የተሰጠው ሰፈር ነው። እድራችን ውሳኔውን ሳያማክር ከሻረው ቆይቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው፤ ለቅሶ ላይ ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል፣ ድንኳኑ አንድ ነው።

እዚያ ማንም ዝም አይልም። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን እስከ ሳንቲሙ ያነባል። አንዱ «የባለፈው ወር የድንኳን ማጠቢያ ለምን ሁለት ጊዜ ተጻፈ?» ይላል። ይጣራል። ያረፈደ ይቀጣል። በዚህ ወር ያረፈደው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ ተቀምጦ የነበረው ጎረቤታችን ነው። ዳኛው «አስመዝግቡት» አሉ። ያለ ምንም ማብራሪያ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ። ያው ሰውዬ ነው፣ ያው እኛ ነን።

የእሑዱ አጀንዳ ሮቶ ነበር። ያለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ፣ በለቅሶው ቤት ጠብታ ውሃ አልነበረም። ወጣቶቹ ባጃጅ ፍለጋ እስከ አውቶ ፓርኮ ወጡ። ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እጁን የሚያስታጥበው አጣ። ስለዚህ አንዲት እናት እድሩ ከተቀማጩ ሮቶ ይግዛ አሉ።

ዳኛው አልተዋጠላቸውም። «እድር ለሞት ነው። የውሃ ጉዳይ የመንግሥት ነው። ዛሬ ሮቶ፣ ነገ ትራንስፎርመር ግዙ ልትሉ ነው?» እውነታቸውን ነው። እድር የመንግሥትን ሥራ መሥራት ከጀመረ መንግሥት ደስ ብሎት ይተዋል። ለኮብልስቶኑ ድርሻችንን አዋጥተን ባንክ ያስገባን ጊዜ፣ ድንጋዩ ሳይመጣ ዋጋው ጨምሮ ገንዘቡ እዚያው ቀርቷል። ማን ይረሳዋል?

እናትየዋ ግን አልተቀመጡም። «አባ ዳኛ፣ ድስቱን ለምን ገዛነው?»

«ለንፍሮ።»

«ንፍሮውን በምን እንቀቅለው? በምራቃችን?»

ሳቁ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ አስቆመ። ዳኛውም ሳቁ። ድምፅ ሲሰጥ ከጥቂት ሰው በቀር ሁሉም እጁን አወጣ፣ ያረፈደውን የቀበሌውን ሰው ጨምሮ። ሮቶው እንደ ድስቱና እንደ ድንኳኑ የእድር ንብረት ሆኖ ይመዝገብ ተባለ።

ይህ ሁሉ ያለቀው ቶሎ ነው። ረጅሙ ክርክር የቁልፉ ነበር።

ሮቶው መንገድ ዳር ባለው ግቢ ይቀመጥ፣ ውሃ ሌሊት ስትመጣ በዚያው ቧንቧ ይሞላ፣ ቆጣሪውን እድሩ ይክፈል፤ እዚህ ድረስ ተስማማን። ማን ይክፈተው? አንዱ ዳኛው ጋ ይሁን አለ። ሌላው «ዳኛው ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ሌሊት ሰው ቢያርፍ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?» አለ። አንድ ባጃጅ ነጂ ወጣት «ለምን ቁልፍ ያስፈልጋል፣ በመተማመን ይሁን» ሲል፣ ከኋላ «አንተማ ትላለህ፣ ለመሸጥ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ተቆጣ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ተሳመው ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ መላው ከድሮው ሳጥን ተገኘ። እድሩ ባንክ ደብተር ሳያወጣ በፊት ገንዘቡ የሚቀመጥበት ሳጥን ከአንድ በላይ ቁልፍ ነበረው። ቁልፎቹ የተለያየ ሰው ጋ ነበሩ፤ ሁሉም ካልመጡ አይከፈትም። ሮቶውም ሁለት ቁልፍ ይኑረው ተባለ። አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ ሌላው ሐሳቡን ያመጡት እናት ጋ።

ይህን ስሰማ ፈገግ አልኩ። በእድራችን ደንብ አባል የሚባለው የቤቱ አባወራ ነው። ሴት የምትመዘገበው ባሏ ሲሞት ነው። እኔ የምገባው በአባቴ ስም ነው። አባቴን የቀበረው ራሱ እድሩ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየወሩ ይከፍላል። ሴቶቹ ስማቸው መዝገብ ላይ ሳይገባ ቁልፍ ያዙ። ደንቡ ይሻሻል ብዬ ባነሳ «ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ» ተባልኩ። ጠቅላላ ጉባኤው የተሰበሰበው እኮ ነው! እድርም አንዳንዴ ቀበሌ ቀበሌ ይሸታል።

ከዚህ የባሰው የተከራዮቹ ነገር ነው። ከሰፈሩ ሰው ስንቱ ተከራይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ይህች ከተማ መጤ ስታከራይ ነው የኖረችው። ነርስ አለ፣ መምህር አለ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ አለ። ውሃ ከጠፋች ሳምንት ሲያልፍ ከሮቶው ለየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይሰጥ ሲባል፣ «ለየአባሉ ነው ለየቤቱ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ዳኛው «ለአባል» አሉ። እኔ እንዳልተናገርኩ ልሁን ብል አልቻልኩም። ተከራዩ ነው ሬሳ የሚሸከመው፣ ጉልበት ያለው እሱ ነው አልኩ። ተጉረመረመ። ግማሹ ደገፈኝ፣ ግማሹ «ነገ ቤት ሲለቅ ማን ይከፍላል?» አለ። ይኼም ጥያቄ ነው። መልሱ በወር መዋጮ ጊዜያዊ አባል ማድረግ ይመስለኛል፤ ሌሎች እድሮች ይህን ሲያደርጉ ሰምቻለሁ።

ዳኛው ተነፈሱና «በይ እንግዲህ፣ አንቺው ያመጣሽው ነው። ስንት እንደሆኑ ሳናውቅ አንወስንም። ዝርዝር ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሥራ መልስ በየግቢው እያንኳኳሁ ነው። አንዳንዱ አከራይ «የቀበሌ ነው?» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ተከራይ መኖሩ ከታወቀ የኪራይ ግብር ይመጣል ብሎ ይሰጋል። የእድር ነው ስል ይከፍተዋል፣ ቡና ካለ ግቢ ይላል። የላይኛው መንገድ አልቋል። የቀረው ወደ ወንዙ ያለው ነው፤ እዚያ በአንድ ግቢ ስንት ቤተሰብ እንዳለ አከራዮቹም በውል አያውቁትም። ቅዳሜ እወርዳለሁ።