የአባቴ ሽመናና የእኔ ስልክ፦ የ14 ወር የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ከ14 ወር በፊት የአባቴን የሽመና ሥራ በስልኬ እየቀረጽኩ በቲክቶክና በዩቲዩብ ሾርትስ ላይ መጫን ስጀምር፣ ገንዘቡ ከእይታ ቁጥር በቀጥታ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ በተለይም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከአካባቢው ሆናችሁ ለምትጀምሩ፣ ያገኘሁትን ገቢ ከነምንጩ ላካፍላችሁ እፈልጋለሁ፤ እኔ ስጀምር ነገሩን ዘርዝሮ የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ አምስት ወር ሙሉ የማይደረስበትን ነገር ሳሳድድ ቆይቻለሁ።

ያሳደድኩት ነገር 10,000 ተከታይ ነበር። ቲክቶክ በእይታ ልክ የሚከፍልበት ፕሮግራም ይህን ያህል ተከታይ፣ ባለፉት 30 ቀናት 100,000 እይታና ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ቪዲዮ እንደሚጠይቅ አንብቤ ነበር፤ ሳላነብ ያለፍኩት ግን ፕሮግራሙ ክፍት የሆነው እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጃፓን ባሉ ጥቂት አገሮች ለሚኖሩ ብቻ መሆኑንና ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሯን ነው። ዩቲዩብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በሾርትስ መካከል ከሚታዩት ማስታወቂያዎች ገቢ ያካፍላል፤ ለዚህም 1,000 ሰብስክራይበር ከማፍራት ጋር በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ፣ ወይም በረጃጅም ቪዲዮዎች በ12 ወር 4,000 የእይታ ሰዓት ማሟላት ያስፈልጋል። መስፈርቱን ያሟላ ሰው በእይታው መጠን ከሚመደብለት የሾርትስ ገቢ የሚደርሰው 45 በመቶው ነው። የእኔ ሾርትሶች በአንድ ሩብ ዓመት ያገኙት ትልቁ እይታ 40,000 ያህል ስለነበር፣ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ከሠራሁ በኋላ ቁጥሩን በየሰዓቱ ማየት አቆምኩ።

በእነዚያ አምስት ወራት የሠራሁት ሌላው ስሕተት «ተከተለኝ፣ ልከተልህ» እያልኩ ተከታይ መሰብሰቤ ነው። ሦስት ሺህ ያህል ሰው አገኘሁ፤ ነገር ግን ሽመና ለማየት የመጣ ስላልነበረ ቪዲዮው ሲቀርብለት ገና ሳይጀምር ያልፈዋል፣ ብዙ ሰው ያለፈውን ቪዲዮ ደግሞ መተግበሪያው ለሌላ ሰው አያሳየውም። እንዲህ ካለ ተከታይ አንድ መቶ እውነተኛ ተመልካች ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለውጡ የመጣውም በአንድ እውነተኛ ተመልካች በኩል ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን አባቴ እግራቸውን አስገብተው በሚሸምኑበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ፣ ከድሩ በአንድ ክንድ ርቀት አስደግፌ፣ እስከዚያ ቀን ከማደርገው በተለየ ዘፈን ሳልጨምርበት ቀረጽኩ። አባቴ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሳልፉ ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም ውስጡ ሲሽከረከር ይሰማል፤ ከዚያ ማጉን ሲመቱ የሚወጣው ድፍን ድምፅ ይከተላል፤ በመካከሉ አንድ ክር ተበጥሶ፣ አባቴ ምንም ሳይናገሩ በምላሳቸው አርሰው ሲቀጥሉት ይታያል። 38 ሰከንድ ነው። ሰው ደጋግሞ ያየው ያንን ክር የመቀጠሉን ቦታ ነበር። ከአስተያየቶቹ መካከል በሪያድ የምትሠራ አንዲት እኅት «ይህ ጋቢ ወልድያ ላለችው እናቴ ሊደርስላት ይችላል?» ብላ ጠየቀች። የመጀመሪያው ትእዛዝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የቪዲዮዎቼ አሠራር ተለወጠ። ጋቢ አራት ድርብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሩቅ አገር ሆኖ የሚገዛ ሰው ግን ውፍረቱን በእጁ መንካት አይችልም። ስለዚህ ጠርዙን ገልጬ ድርቦቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ጥለቱን በመስኮት ብርሃን አቅርቤ አሳያለሁ፣ ፈትሉ የእናቴ የእጅ ፈትል ከሆነ እንዝርቷን ስታሾር አብሬ አስገባለሁ፣ የፋብሪካ ክር ከሆነም በግልጽ እናገራለሁ። ይህን በግልጽ መናገር ገዢ ያርቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ግን ሁለተኛ የሚያዙ ደንበኞች መብዛታቸው ነው።

እስካሁን ካገኘሁት ከእያንዳንዱ አሥር ብር ሰባቱ የመጣው ከጋቢና ከነጠላ ትእዛዝ፣ ሁለቱ ለአካባቢ ነጋዴዎች ከሠራሁት ማስታወቂያ፣ አንዱ ደግሞ በቀጥታ ስርጭት ከተላከ ስጦታ ነው። ስጦታው መተግበሪያው የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ የሚደርስ በመሆኑ፣ ሌሊት እያመሹ ሰውን «ላኩልኝ» ማለቱ ለእኔ አልሆነልኝም፤ በዚያ የሚተዳደሩትን ግን አልነቅፍም።

ማስታወቂያውን በተመለከተ አንድ የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሱቅ ሦስት ቪዲዮ አሠርቶኝ፣ ከወጡ በኋላ «ገበያ አላመጣልንም» በማለት ክፍያውን ከለከለኝ። ስምምነታችን በቃል ብቻ ስለነበር የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስንት ቪዲዮ እንደምሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደማስተካክልና ለምን ያህል ቀን እንደሚቆይ በጽሑፍ መልእክት አስቀምጬ፣ ግማሹ ክፍያ በቴሌብር ሳይገባ ካሜራ አላነሣም። የምከፈለውም ለሥራዬ እንጂ ለሱቁ ሽያጭ እንዳልሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ሙዚቃም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በቲክቶክ ለንግድ ማስታወቂያ የሚሆነው ለንግድ የተፈቀደው የሙዚቃ ስብስብ እንጂ የታወቀ ዘፈን ሁሉ አይደለም። እኔ የጎረቤታችንን ልጅ ገንዘብ ከፍዬው በማሲንቆ አጫጭር ዜማዎችን ቀርጸናል። ባቲና አምባሰል በአገራችን ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ሆነው ሳለ፣ የወሎን ሸማ ከሌላ አገር ዜማ ጋር ማቅረቤ ቀድሞም ያሳዝነኝ ነበር።

መብራት ስለሚጠፋና ዳታም ወጪ ስለሆነ የሳምንቱን ቀረጻ በአንድ ጠዋት እጨርሳለሁ፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው ስለሚወርድ የመስኮቱ ብርሃን ደኅና የሚሆነው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ኤዲቱን ያለ ኢንተርኔት ሠርቼ እሰቅላለሁ።

የማልሻገረው አንድ ነገር አለ። ቪዲዮው ሲበዛ አባቴን «ይህችን ድገሙልኝ» ማለት አብዝቼ ነበር፤ አንድ ቀን መወርወሪያውን አስቀምጠው «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ቅረጪ፤ እኔ ግን ሸማውን ለስልክ ብዬ አልሠራም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያመለጠኝን አላስደግምም። አሁን ትእዛዙ ከአባቴ ጉልበት በላይ እየሆነ ስለመጣ፣ በወር ከአራት ጋቢ በላይ አንቀበልም፤ ተራ ለሚጠብቁትም የራሳቸው ጋቢ ድሩ ሲዘረጋ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በግል እልክላቸዋለሁ። በሚመጣው ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ የጥጥ አመራረጡን ልቀርጽ አስቤያለሁ፤ ብዙ ደንበኞች የጠየቁኝ እርሱን ነው።