2.10 ከ2.4 ያነሰበት ጠዋት

ሰኞ ጠዋት ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ስልኩ ጮኸ። «አካውንትዎ ተዘግቷል ይለኛል» አለችኝ አንዲት ሠራተኛ። የይለፍ ቃል ተሳስታ ይሆናል ብዬ ልከፍትላት ስል ሁለተኛ ሰው ደወለ። ከዚያ ሦስተኛው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ማንሳት ትተን ችግሩን መፈለግ ጀመርን።

የሠራተኞቹ ስም፣ ኢሜይልና የሥራ ክፍል የሚቀመጠው አንድ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ላይ ነው። የምናናግረው በኤልዳፕ ነው፤ ዳይሬክተሪ ሰርቨሮችን መጠየቂያ ፕሮቶኮል ነው። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም በየሌሊቱ እዚያ ገብቶ ዝርዝሩን በሙሉ ያመጣል። አዲስ ስም ካየ በሌሎቹ ሲስተሞች ላይ አካውንት ይከፍታል። ከዝርዝሩ የጠፋ ሰው ካለ ደግሞ ሥራ ለቋል ብሎ አካውንቱን ይዘጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠርቷል።

ያን ሌሊት ግን ከ3,400 ሰው ያመጣው 1,000 ብቻ ነው። የቀሩትን 2,400 ሠራተኞች በሙሉ ዘጋቸው።

1,000 የሚል ቁጥር ሳይ ወዲያው ገደብ ጠረጠርኩ። ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ሎግ ከፈትኩት። የውጤት ኮድ 4 ይላል፤ የመጠን ገደቡ ታልፏል ማለት ነው። ሰርቨራችን በአንድ ጥያቄ ከ1,000 በላይ መዝገብ አይሰጥም፤ ከፋፍሎ በገጽ በገጽ ለሚጠይቅ ግን እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ይህን ስለማውቅ ፕሮግራሙ በገጽ እንዲጠይቅ አድርጌ ነበር። ታዲያ ያን ሌሊት ለምን ተወው?

ቅዳሜ ሰርቨሩ ከ2.9 ወደ 2.10 ማደጉን ያወቅኩት ያኔ ነው። የገዛ ኮዴን ከፍቼ ሳነብ ፊቴ ጋለ።

ኤልዳፕ ሰርቨር ስለ ራሱ የሚናገርበት ቦታ አለው፤ ሩት ዲኤስኢ ይባላል። የፍለጋውን መነሻ ባዶ አድርገህ ያንን አንድ መዝገብ ብቻ ስትጠይቅ ይመጣልሃል። እዚያ ውስጥ ቬንደርኔም እና ቬንደርቨርዥን የሚባሉ ሁለት መስኮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ የአምራቹን ስም፣ ሌላው የሶፍትዌሩን ቨርዥን ይይዛል። እኔ እነዚህን አንብቤ እንዲህ ብዬ ወስኜ ነበር፦ አምራቹ እገሌ ከሆነ፣ ቨርዥኑም 2.4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በገጽ ጠይቅ። ካልሆነ ሁሉንም በአንዴ ጠይቅ።

ቨርዥኑ ግን ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ የሚነጻጸረው ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ ነው። 2.9 ከ2.4 ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ችግር የለም። 2.10 ሲመጣ ግን ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 1 ከ4 ጋር ተነጻጸረና አነሰ። ፕሮግራሜ አዲሱን ሰርቨር ያረጀ ነው ብሎ በገጽ መጠየቁን ተወው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ማነጻጸሪያውን ማስተካከል ነበር። በነጥብ ከፋፍዬ ቁጥር በቁጥር ባነጻጽረው ያልቃል ብዬ ጀመርኩት። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው የሥራ ባልደረባዬ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

«ቆይ፣ ቨርዥኑን ለምንድን ነው የምታየው?» አለኝ።

«በገጽ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነዋ።»

«እሱን እኮ ራሱ ይነግርሃል። አልጠየቅከውም እንጂ።»

ኪቦርዱን ተቀብሎኝ ሩት ዲኤስኢውን ጠየቀ። ሳፖርትድኮንትሮል በሚለው መስክ ሥር ረዣዥም ቁጥሮች ተደረደሩ፤ እያንዳንዱ ሰርቨሩ የሚቀበለው የአንድ ኮንትሮል፣ ማለትም ከጥያቄ ጋር የሚላክ ተጨማሪ ትእዛዝ፣ መለያ ነው። ጣቱን 1.2.840.113556.1.4.319 የሚለው ላይ አሳረፈ። አርኤፍሲ ከሚባሉት የኢንተርኔት አሠራር ሰነዶች በአንዱ፣ በአርኤፍሲ 2696፣ የተደነገገው የገጽ አጠያየቅ መለያ ነው። ይህ ቁጥር ካለ ሰርቨሩ ይችላል፤ ማን ሠራው፣ ስንተኛ ቨርዥኑ ነው የሚለው ጣጣ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ማታ ቤት ገብቼ አርኤፍሲ 3045ን አነበብኩት። ሁለቱን መስኮች የደነገገው ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አጭር ሰነድ ነው። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ 2,400 ሰው ያን ጠዋት ከሥራው ባልተስተጓጎለ ነበር። ሰርቨሩን የሚጠይቀው ሶፍትዌር የአምራቹን ስምና ቨርዥን አይቶ ሰርቨሩ ምን እንደሚችል መገመት እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። መስኮቹ ለማሳያና ለመረጃ ናቸው። የተጻፈው ስም እውነተኛ ለመሆኑም ዋስትና የለም። ችሎታን ለማወቅ ሌሎች መስኮች አሉ፦ ለኮንትሮሎች ሳፖርትድኮንትሮል፣ ለተጨማሪ ተግባራት ሳፖርትድኤክስቴንሽን፣ ለፕሮቶኮሉ ቨርዥን ሳፖርትድኤልዳፕቨርዥን።

እንዲህ ሲባል ቬንደርቨርዥን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አንድ ቨርዥን የታወቀ ስህተት ቢኖረው፣ ኮንትሮሉን አለኝ ብሎ አዛብቶ ቢመልስ፣ እሱን ለይቶ ለማለፍ ይረዳል። ያኔም ቢሆን «ከዚህ በላይ» ወይም «ከዚህ በታች» ማለት አያዋጣም፤ «ልክ ይህ ከሆነ» ነው መባል ያለበት። የመስኩ ድንጋጌ ራሱ የእኩልነት ማነጻጸሪያ እንጂ የቅደም ተከተል ማነጻጸሪያ የለውም። እኔ ያነጻጸርኩት ሊነጻጸር ያልተሠራ ነገር ነው።

ኮዱን እንደገና ስጽፍ ሌላም ነገር ተማርኩ። እነዚህ መስኮች ሰርቨሩ ለራሱ ሥራ የሚይዛቸው የአሠራር መስኮች ስለሆኑ «ሁሉንም አምጣ» ብትል ላይመጡ ይችላሉ፤ በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል። ግንኙነቱ በስታርትቲኤልኤስ ከተመሰጠረ በኋላም እንደገና መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከምስጠራው በፊት የመጣውን መልስ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ለውጦት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ያሳመመኝ ኮድ 4ን እንደ ተራ ማስጠንቀቂያ ሎግ ላይ ጽፎ እንዲያልፍ ማድረጌ ነው። በግማሽ ዝርዝር የሰው አካውንት አይዘጋም። አሁን መልሱ ሙሉ ካልሆነ ፕሮግራሙ ምንም ሳይነካ ይቆማል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ባልደረባዬ ደወለልኝ። የቨርዥኑን መስክ ሊደብቀው ነው። ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ገብቶ ቨርዥኑን ካየ፣ የትኛው የደኅንነት ቀዳዳ እንዳልተደፈነ ለማወቅ ይቀለዋል።

«ያንተ ፕሮግራም ችግር ይገጥመዋል?» አለኝ።

«ሎጉ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ይሆናል እንጂ ሌላ ምንም የለም» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ሎጉን አየሁ። ቨርዥን የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ 3,412 መዝገብ መጥቷል ይላል።