የወሎን ወፎች በቀጠና ስንመድብ ጭላት ላይ መቆማችን

የወሎን ወፎች በየትውልድ ቀጠናቸው የመለየቱ ሥራ መልክ እየያዘ ነው። መሠረቱ ቀላል ነው፤ እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ስክላተር እ.ኤ.አ. በ1858 ዓለምን በወፎቿ ስድስት ቀጠና ከፈላት፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዋላስ በ1876 ሐሳቡን ለሌሎች እንስሳትም አሰፋው። እኛ ያለነው ከሰሃራ በታች ባለው፣ አፍሮትሮፒካል በሚባለው ነው። ሰሜን አፍሪካ፣ አውሮፓና ሰሜን እስያ ደግሞ ፓሊያርክቲክ ናቸው።

አብዛኞቹ አያስቸግሩም። ገደል ለገደል የሚያድረው አንገቱ ነጭ ዋኔ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም፤ አለቀ። አውሮፓ ሲበርድ ወደ ሐይቆቻችን የሚወርደው ባለ አካፋ መንቁር ዳክዬም እንግድነቱ ግልጽ ነው።

ጣጣው ጭላት ነው። አንዱ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚታየው፣ መንቁሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆነው የአፍሪካ ጭላት ነው። ሌላው ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰሜን የሚመጣው ነው፤ መንቁሩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ብቻ ቢጫ ነው፣ ራሱም ወደ ግራጫ ይነጣል። «መንቁሩን አይተህ ለይ» የሚለው ምክር ግን ግማሽ እውነት ነው። የአፍሪካው ጭላት ጫጩት ጎልምሶ እስኪበቃ ድረስ መንቁሩ ጥቁር ነው! በዚህ የተነሳ ሐምሌ ላይ ደሴ ቄራ አካባቢ «የአውሮፓ ጭላት» ተብሎ የሚመዘገበው አብዛኛው የራሳችን ጎረምሳ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ፀሐይን ከኋላ አድርጋችሁ ጠዋት ፎቶ አንሱ፤ ከፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን ቢጫውም ይጠቁራል። መጀመሪያ ዕድሜውን እዩ፦ ደረቱ ላይ ነጣ ያለ ዝንጥርጥር መስመር ካለ ወጣት ነው፣ መንቁሩን እርሱት። ካደገ በኋላ ብቻ መንቁር፣ ራስና ወር አንድ ላይ ይታዩ። ታኅሣሥ ላይ የተገኘ ወጣት ከሆነ «ጭላት» ብሎ መተው ይሻላል፤ ግምት ከተጻፈ በኋላ ማንም አይለየውም። ስም በራሱ የሚሰጥ መተግበሪያ እዚህ ላይ አይታመንም ባይ ነኝ።

ሌላው፣ ከፍታ ሳይጻፍ ምዝገባ አትላኩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ወሎን በአንድ ቀለም የሚቀባ ካርታ ይህን አያሳይም። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ በጥቂት አሥር ሜትሮች ይስታል፣ ለዚህ ግን ይበቃል።