ልብ አንጠልጣይ ፊልምና የትንሣኤ ሰሞን፦ ከድሬዳዋ የተላከ የበዓል መልእክት

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!

በአገር ውስጥም ከአገር ውጭም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ሁዳዴን የጾማችሁ፣ በሕማማቱ የሰገዳችሁ፣ ያከፈላችሁ፣ ጾሙንና ጸሎቱን ይቀበልላችሁ። አልጋ ላይ ሆናችሁ በዓሉን ለምትቀበሉ ምሕረቱን ይላክላችሁ፤ ዘንድሮ ሰው ጎድሎባችሁ ማዕዱ ለከበዳችሁም መጽናናቱን ይስጣችሁ። የዶሮና የቅቤ ዋጋ ነገር በየቤቱ በቂ ስለተወራበት እኔ አልጨምርበትም።

የምጽፍላችሁ በቤታችን ስላየናቸው ፊልሞች ነው። በትንሣኤ ቀን ስለ ፊልም ምን ያጽፋል የሚል አይጠፋም። ድሬዳዋን በዚህ ሰሞን የሚያውቅ ግን ነገሩ ይገባዋል፤ ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው ውኃ ይርከፈከፍበታል፣ ቴሌቪዥኑ በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ገመዱ በመስኮት ይሳባል፣ ምንጣፍና ዱካ ይደረደራል፤ ጎረቤትም ሳይጠራ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምን ይታይ የሚለው የግቢው ትልቁ ጉዳይ ይሆናል።

በእኛ ግቢ የምትወስነው እናቴ ናት። በሰሞነ ሕማማት ከጌታችን መከራ በቀር ሌላ ነገር አይከፈትም፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ሜዳው ለወንድሜ ክፍት ነው። ወንድሜ ደግሞ ልብ አንጠልጣይ ካልሆነ ፊልም አይመስለውም። እናም መንፈሳዊውና ልብ አንጠልጣዩ በአንድ በረንዳ ላይ ሲፈራረቁ እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር ከረምኩ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፦ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ያንጠለጠለው መጨረሻውን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ታሪክ ነው።

ወንድሜ ይህን አይቀበልም። መጨረሻው የተነገረ ፊልም ለእርሱ ያለቀለት ነው፤ ቀድሞ ካወራበት ሰው ጋር ይኮራረፋል። የሚያደንቀው የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ግን ከእኔ ጋር ነው። ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ዝነኛ ቃለ መጠይቅ ነገሩን በቦምብ አስረድቶታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከሥር የተጠመደ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ካወቀ ግን ያንኑ ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ እየተጨነቀ ይከታተላል። ተነሥቶ «ወሬውን ተዉትና ውጡ!» ብሎ መጮኽ ያምረዋል።

የድሬ ልጅ ይህን ለመረዳት ሂችኮክን መጠበቅ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብቱ ተዘርግተው፣ ከወደ ደንገጎ ተራሮች ግን ሲበርቅና ሲያጉረመርም የደቻቱን አሸዋ የሚያቋርጥ ሰው ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ባለ ጋሪው ይሻገራል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ውኃው ግን ከላይ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ከወሰደብን ወዲህ፣ ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ የደቻቱ ዳር ሰው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያድረው። የሚጨንቀውም ስለሚያውቅ ነው።

ከሆሣዕና በፊት ወንድሜ የመረጠው የዚሁ የሂችኮክ ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው «አይ ኮንፌስ»። በካናዳዋ ኩቤክ ከተማ የተሠራ ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል አንድ ሰው የቄስ ልብስ ለብሶ ሊሰርቅ ይገባና የቤቱን ባለቤት፣ ጠበቃውን፣ ይገድላል። በዚያው ሌሊት ደግሞ ተዋናዩ ሞንትጎመሪ ክሊፍት ለሚጫወተው ወጣት ቄስ ይናዘዛል። ፖሊስ በቄስ ልብስ የሄደውን ሰው ሲያፈላልግ ጣቱን ወደዚሁ ቄስ ይጠቁማል። ቄሱ ገዳዩን ያውቃል፤ በንስሐ የሰማውን ግን መናገር አይችልም።

ፍርድ ቤት ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት መብራት ጠፋ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ሂችኮክ ራሱ አስቦ አይመርጠውም። አንዱ የስልኩን መብራት አበራ፤ ትንኝ ስለሰበሰበ አጥፋ ተባለ። ክርክሩ በጨለማ ተጀመረ።

«ለምን አይናገርም? ገዳዩ እኮ ነጻ ወጥቶ እርሱ ሊሰቀልበት ነው» አለ ወንድሜ።

«ምኑን ነው የሚናገረው?» አለች እናቴ፤ ጥያቄው ራሱ አስቆጥቷታል። «የንስሐ አባት የሰማውን ያወጣል እንዴ?»

«ሊሞት ነው እኮ እማዬ!»

«ይሙታ!»

እናቴ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሰው ናት። ከእርሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማያውቀው ግቢ ጸጥ አለ። ከግድግዳው ባሻገር የሚኖሩት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ከጥጋቸው ሆነው «አማና ነዋ ልጄ፤ አደራ እንዴት ይበላል?» አሉ። ወንድሜ ለሁለት እናቶች መልስ አላገኘም፤ መብራቱም እስኪመጣ ድረስ ክርክሩ በዚያው ቆመ። መጨረሻውን ለዛሬ አልነግራችሁም፤ ከወንድሜ ጋር በበዓል ቀን መኮራረፍ አልፈልግም።

በኋላ ስለ ፊልሙ ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ሂችኮክ በልጅነቱ በካቶሊክ ቤት ያደገ፣ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ ያንኑ ፊልም ግን ባንሠራው ይሻል ነበር ብሎታል። ምክንያቱ ካቶሊክ ያልሆነው ተመልካች ቄሱ ለምን አፉን እንደዘጋ ስላልገባው ነው። ሰው ለምስጢር ሲል ሕይወቱን አይሰጥም፣ ሞኝነት ነው ብለው ያሾፉበት ነበሩ። አያችሁ? ቦምቡ ጠረጴዛው ሥር አለ፤ ተመልካቹ ግን ቦምብ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ አይጨነቅም። እናቴና አዴ ቦምቡን ገና ኑዛዜው ሲጀመር ነው ያዩት። ሂችኮክ ያን ፊልም ለማን እንደሠራው ግራ ገብቶት ከሆነ፣ ተመልካቾቹ በድሬዳዋ አንድ በረንዳ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

አዴን ካነሣሁ አይቀር፣ በዒድ ማግሥት በተራችን እርሳቸው ቤት ሆጃ እየጠጣን ያየነውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሙስጠፋ አቃድ የሠራው «ዘ ሜሴጅ» ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች ወደ እኛ፣ ወደ ካሜራው፣ እያዩ ያናግሯቸዋል፤ መልሱን የምንረዳው ከተናጋሪዎቹ ፊት ነው። በፊልም ሥራ ረገድ ከባድ ማሰሪያ ነው፤ ለእኔ ግን ፊልሙን ያከበረው እርሱ ነው። ዛሬ የቅዱሳንን ታሪክ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉን ነገር ካላሳየን ብለው ሲታገሉ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

አዴ የሚጠብቁት ግን የሐበሻውን ንጉሥ ነው። ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ነጃሺ ፊት ቆመዋል፤ አሳዳጆቻቸው ስጦታ ይዘው መልሱልን ይላሉ። ጀዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ያነባል። አዴ ይህን ስንት ዓመት ሙሉ አይተውታል፤ ሆኖም ንጉሡ ዝም ባለባት ቅጽበት መቁጠሪያቸው በጣታቸው መካከል ቆመ። ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር አሠምሮ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አይሰፋም ሲል «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው መቁጠሪያውን ቀጠሉ። እናቴም ከጎናቸው በረጅሙ ተነፈሰች። አሳልፎ ይሰጣቸው ይሆን ብሎ የሚሰጋ ኢትዮጵያዊ በዓለም ላይ የለም፤ ሁላችንም ግን ሰጋን። ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው የቤርሙዳ ተወላጁ ኧርል ካሜሮን ነው። አለባበሱ የእኛን አይመስልም፤ ሞገሱ ግን ይመስላል።

ይኸው አቃድ ከሁለት ዓመት በኋላ ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ የሚዞርበትን «ሃሎዊን»ን ካሠሩት ሰዎች አንዱ መሆኑን ለወንድሜ ስነግረው አላመነኝም፤ እውነት ነው። ከሐለብ ከተማ የተነሣው ይህ ሰው የእምነቱን ታሪክም፣ ሰውን በጨለማ የሚያስበረግገውንም ፊልም ወደ ሕዝብ አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዐማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሂችኮክን ጠረጴዛ በቀልድ ማንሣት ትንሽ ከበደኝ።

ወደ ሕማማት ልመለስ። የስቅለት ዕለት ከስግደት ተመልሰን፣ ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ፣ ማታ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2004 ሜል ጊብሰን የሠራውን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ነው። ተዋንያኑ የሚናገሩት በአረማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ነው። አያቴ ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ አታነብም፤ አላስፈለጋትምም። ግብረ ሕማማት ሲነበብ ስትሰማ ያረጀች ሴት ናት። «አሁን ጴጥሮስ ይክዳል» ትላለች፤ ይክዳል፤ ሲክድ ደግሞ ገና ዛሬ እንደሰማች ሁሉ «አዬ ጉድ» ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

በግርፋቱ ላይ ከጊብሰን ጋር አልስማማም። ከልክ በላይ ረዝሟል፤ የሰው ዓይን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ማየቱን ያቆማል፣ ልብም ይደነዝዛል። ፊልሙ የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። ማርያም ልጇ መስቀሉን እንደተሸከመ ሲወድቅ ታየዋለች። እግሯ አልሄድ ይላታል። ሕፃን ሳለ ሲወድቅ ያነሣችበት ቀን ይመጣባታል፤ ያኔ እንደሮጠች አሁንም ትሮጣለች። ማርያምን ሆና የተጫወተችው ሮማንያዊቷ ማያ ሞርገንስተርን በቀረጻው ወቅት ነፍሰ ጡር ነበረች። አያቴ ይህን አታውቅም፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ስትደርስ ከዱካዋ ተነሥታ «ድረሽለት እናቴ፣ ድረሽለት!» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ድረሽልኝ» ስትላት የኖረችውን እመቤት!

ስንክሳሩን፣ ወንጌሉን፣ ግብረ ሕማማቱን የምታውቅ ሴት ለምን ትነሣለች? ቤተ ክርስቲያንም የምታደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። እሑድ እንደሚመጣ እያወቀች ሳምንቱን ሙሉ እንዳላወቀች ሆና ትኖራለች። የይሁዳን መሳም አስባ መሳሳምና መጨባበጥ ታስቀራለች። በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ለሚያርፉት ሁሉ በሆሣዕና አስቀድማ ትፈታለች። ቀኖቹን የ5500 ዘመን ፍዳ ምሳሌ ታደርጋለች። ወደ ትንሣኤው የሚያዘልል አቋራጭ አትሰጠንም፤ በዓርቡ ውስጥ አቁማ ኪርያላይሶን ታስብለናለች። ቀዳም ስዑር ላይ ቄጤማውን በራሳችን ስናስር የሚሰማን ደስታ ከዚያ የመጣ ነው።

መንፈሳዊ ተብለው ከሚቀርቡት ፊልሞች ብዙዎቹ የማይዙኝ ለዚህ ነው። የታመመችው ልጅ እንደምትድን፣ ሰካራሙ አባት እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ትዕይንት ይታወቃል፤ በዚያ ቅር አይለኝም፣ የትንሣኤውም ይታወቃልና። ቅር የሚለኝ ፊልሙ ራሱ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ስለማይጨነቅ ነው። ሐኪሙ አንገቱን ከመድፋቱ ኪቦርዱ ይነሣል፤ እናትየዋ ሳታለቅስ ሰባኪው ይደርሳል። ኪቦርዱን ቢያዘገዩት ብቻ ግማሹ ፊልም ይድናል። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ እነዚህን ፊልሞች እስከ መጨረሻው የማይ፣ አንዳንዴም የማለቅስ ሰው ነኝ። ግን ሳለቅስ አብዛኛውን ጊዜ በመዝሙሩ እንጂ በፊልሙ አይደለም።

ዛሬ የእናቴ ሕግ አብቅቷል። ጾም በሌሊት ተፈትቷል፤ የአዴ ቤት ድርሻ የሆነው ዶሮ በገዛ ልጃቸው እጅ ታርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ፣ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ማታ ሙሽበክ የተባለውን ጣፋጭ ይዘው እንደሚመጡ ልከውብናል። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ፍላሹን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ምን እንዳለበት አልናገርም ብሏል። አያቴ የሌሊቱን ድካም እያነሣች ቀድማ እተኛለሁ ብትልም ማንም አላመናት።

እናንተስ በዚህ በዓል ምን አያችሁ? ከቤተሰብ ጋር የሚታይ፣ ሕፃናትን ከእንቅልፍ የማያስበረግግ፣ አዋቂውን ግን ዱካው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጥ ፊልም ካላችሁ ጻፉልኝ። መጨረሻውንም ጨምራችሁ ጻፉት፤ እኔ ምንም አይጎድልብኝም። ወንድሜ እንዳያነበው ብቻ ለብቻዬ ላኩልኝ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!