16 ገጽ የጎደለው ኦሮማይ

ባለፈው ክረምት ሦስት ልብ ወለድ ጨረስኩ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ አይገርመውም፤ ከሥራ መልስ የት ይኬዳል?

አስተማሪዎቻችን «ከፍቅር እስከ መቃብር ጀምሩ» ይሉን ነበር። አትስሟቸው። እኔ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ጥዬዋለሁ። ያን ክረምት መጀመሪያ በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» አፌን አሟሸሁ። ከዚያ ፍቅር እስከ መቃብርም እንደ ውኃ ወረደ። ጉዱ ካሳ ብቅ ባለ ቁጥር ሻዬ ይቀዘቅዝ ነበር።

ጣጣው በሌላው የበዓሉ መጽሐፍ፣ ኦሮማይ ላይ መጣ። እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ ከመንገድ ዳር ገዛሁት። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ፎቶኮፒ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ፤ አመንኩት። አንዴ እንኳ ገለጥ ገለጥ አላደረግኩትም። ቲማቲም አንድ በአንድ እያገላበጥኩ የምገዛ ሰውዬ!

የመጽሐፉ ጋዜጠኛ ፀጋዬ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ አሥመራ ገብቷል፤ ከፊያሜታ ጋር ነገሩ ጦፏል። ገጽ 208ን ገለጥኩ፤ ቀጥሎ 225። ዓረፍተ ነገሩ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። በማግስቱ ሻጩ ጋ ብሄድ ቦታው ላይ የሞባይል ከቨር የሚሸጥ ልጅ ቆሟል።

ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ።» ቀበሌ ሄድኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ለ16 ገጽ! በሦስተኛው ቀን ማህተም ተመታልኝ። ይዤ ስሮጥ ተመለስኩ። «እሱ ወደ ውጭ አይወጣም» አለችኝ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ።
«እሺ፣ እዚሁ ላንብበው።»
ሰዓቷን አየች። «ሰዓት አልቋል።»
ኦሮማይ ማለት ራሱ «አለቀ፣ በቃ» ማለት አይደል? ሳልወድ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ይኼን ብሶቴን ቡና ላይ ሳወራ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሰሙኝ። «ምነው ለእኔ ብትነግረኝ ልጄ!» ብለው ገብተው በጋዜጣ የተለበጠ ኦሮማይ ይዘው ወጡ። አራት ቀን የዞርኩበት መጽሐፍ ከአጥሬ ማዶ ነበር። በ1975 ወጥቶ ወዲያው ታግዶ ከገበያ ሲሰበሰብ እሳቸው ደብቀው አስቀርተውታል። ያኔ ለታመነ ሰው፣ ያውም ለአንድ ሌሊት ብቻ ያውሱት እንደነበር ነገሩኝ። ለእኔም ደንቡ አልተሻረም፦ «ጠዋት ከቁርስ በፊት።»

ማታ መብራት ሄደ። በሻማ አነበብኩት። 16ቱን ብቻ ላነብ ነበር ሐሳቤ፤ ግን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዓሉ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ያንን እያወቁ በሻማ ሲያነቡት ፀጋዬ የሚቀልደው ቀልድ እንኳ አያስቅም። በዓሉ የዘመኑን ባለሥልጣናት እንዲያ እየተቸ ሲጽፍ ምን ይመጣብኛል ብሎ ነበር? ስለ ፀጋዬ ፍቅር ብዙ ይወራል፤ እኔን የያዘኝ ግን ሰውዬው በሚሰብከው ነገር ቀስ በቀስ እምነት ማጣቱ ነው።

ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ መጽሐፉን መለስኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ እፊቴ፣ ገጽ በገጽ እየገለጡ አዩት።
«ሙሉ ነው» አሉና ወሰዱት።